ዛንዚባር የት ይታደራል? ስቶን ታውን፣ ኑንግዊ እና ፓጄ ጎን ለጎን

ፓጄ በደረስንበት ቀን እኔና ባለቤቴ ሻንጣችንን እንኳ ሳንፈታ ወደ ባሕሩ ሄድን። ባሕሩ ግን አልነበረም። ፊት ለፊታችን ነጭ አሸዋ፣ ቀጥሎ ረግረግ የመሰለ አረንጓዴ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ በጣም ርቆ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ይታያል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሜዳው ላይ ጎንበስ ቀና እያሉ ይሠራሉ። የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ «ከሰዓት በኋላ ይመለሳል» አለን። እውነትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃው እግራችን ሥር ደርሶ ነበር። ያን ቀን የተረዳሁት ነገር ቢኖር ዛንዚባር ላይ ማደሪያ የሚመረጠው በሆቴሉ ፎቶ ሳይሆን በባሕሩ ጠባይ መሆኑን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሊሄዱ ያሰቡ ሰዎች ሲያገኙኝ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስንት እንደሚያስወጣ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ስንት ሌሊት አላችሁ? የትስ ልታድሩ ነው?» ብዬ ነው። በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ አራት ወይም አምስት ሌሊት ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው፤ በዚህ አጭር ጊዜ ማደሪያን መሳት ጉዞውን በሙሉ ያበላሻል።

ስለ መልክዓ ምድሩ ትንሽ ልበል። ዛንዚባር የታንዛንያ ክፍል ነች፤ ስሙ ሁለት ትልልቅ ደሴቶችን፣ ኡንጉጃንና ፔምባን፣ ከትንንሾቹ ጋር አጠቃሎ ይይዛል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኡንጉጃ ላይ ነው። ኡንጉጃ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዋና ከተማዋ በምዕራብ ዳርቻ ነው፤ የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል ስቶን ታውን ይባላል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ ነው። ኑንግዊ በሰሜን ጫፍ ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ ፓጄ በደቡብ ምሥራቅ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ሁለቱም በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ስቶን ታውን

ብዙ ጎብኚ ስቶን ታውንን የሚያያት ከባሕር ዳር ሆቴሉ በጠዋት ተነሥቶ፣ አራት ሰዓት ላይ ደርሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመመለስ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ቅያሱ በጎብኚ ይጨናነቃል፣ የከተማው ሰውም ጥላ ፍለጋ ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ «ሙቀትና ደላላ ብቻ ነው» ብለው ይመለሳሉ። የከተማዋ ሰዓት ግን ጠዋትና ማታ ነው፤ እዚያ ያላደረ ሰው አያገኘውም።

ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዳራጃኒ ገበያ ውጡ። በ1904 የተሠራ ገበያ ነው፤ ዓሣው ከጀልባ ወርዶ በጨረታ የሚሸጠው በጠዋት ነው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ተደርድሮ ስታዩ የእናታችሁን ጓዳ ያስታውሳችኋል፤ የሚገርመው ሽታው ከዓሣና ከባሕር ጨው ጋር መደባለቁ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። ሐረር ጀጎልን ያየ ሰው መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል፦ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይጠጋል፣ ከአጥር ጀርባ ግቢ አለ፣ ጠፋሁ ስትሉ ገበያው ጋ ትወጣላችሁ። የሚለየው የቤቱ ቁመትና በሩ ነው። ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው ቤቶች ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሮቻቸው በእንጨት ቅርጽ የተዋቡ ናቸው። ከሕንድ በመጣው ልማድ የተሠሩት ደግሞ ጉብጉብ ያሉ የናስ ምስማሮች አሏቸው። ዩኔስኮ ከተማዋን በ2000 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል።

በየቤቱ ደጃፍ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መቀመጫ አለ። ሽማግሎች እዚያ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ በጣም የታወቀው ቦታ ጆውስ ኮርነር የሚባለው መገናኛ ነው። ቡናው በትንሽዬ ሲኒ፣ ያለ ስኳር፣ አንዳንዴም ከቅመም ጋር ይቀርባል፤ ከጎኑ ካሻታ የሚባል የኦቾሎኒ ወይም የኮኮናት ጣፋጭ ይነከሳል። ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ንገሯቸው፤ ስለ ቡና ያለው ጨዋታ ወዲያው ይጀመራል።

ማታ ደግሞ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ባሕር ውስጥ ይዘላሉ፤ ሲመሽ የምግብ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ። እዚህ አንድ ምክር አለኝ፦ ተደርድሮ የቆየውን ዓሣና ሎብስተር ተዉት፤ እዚያው ፊታችሁ የሚሠራውን ብሉ። ኡሮጆ የሚባለው በእርድ ቢጫ የሆነ ጎምዛዛ ሾርባ፣ ድንችና ባጂያ ያለበት፣ የከተማዋ የራሷ ምግብ ነው። ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር የሚጨመቀው የሸንኮራ አገዳ ጭማቂም አያሳፍርም። ዋጋውን ግን ምግቡ እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ። ጾመኛ ለሆነ ሰው በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ካሳቫና የአትክልት ባጂያ በቀላሉ ይገኛል፤ «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማያይ፣ ቢላ ማዚዋ» ካላችሁ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ሙስሊም ተጓዥ ደግሞ ስለ ሐላል የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም፤ ሕዝቡ ማለት ይቻላል በሙሉ ሙስሊም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስቶን ታውን ማደር ይገባል የምለው ስለ ታሪኩ ነው። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሳዒድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መቀመጫውን ከመስከት ወደዚህ ካዛወረ በኋላ ቅርንፉዱም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ ባሪያውም በዚህ ወደብ አለፈ። የባሪያ ገበያው በ1873 በሱልጣን ባርጋሽ ዘመን፣ በእንግሊዞች ግፊት ተዘጋ። በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ፤ መንበሩ የቆመው ባሮች ይገረፉበት በነበረው ምሰሶ ቦታ ላይ እንደሆነ ይነገራል። በግቢው ውስጥ በ1998 የተሠራ ሐውልት አለ፦ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ቆመው፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት ሰዎች። ለኛ ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። በሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሀገራችን ተሽጠው የሄዱ፣ ሐበሻ ተብለው የሚጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ገበያውን የዘጋው የባርጋሽ እናትም ሐበሻ ነበረች። ሐውልቱ ፊት ስትቆሙ ይህን አስቡ። አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ ግቡ፤ በሩጫ የሚታይ ቦታ አይደለም።

ባርጋሽ በ1883 ያሠራው የአስደናቂ ነገሮች ቤት ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ኤሌክትሪክ መብራትና ሊፍት ከገባባቸው ሕንፃዎች ቀዳሚው ነው ይባላል። በዲሴምበር 2020 ግማሽ ጎኑ ተደርምሶ እድሳት ስለገባ ከውጭ ለማየት ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ከጎኑ ያለው አሮጌ ምሽግ ኦማኖች ፖርቹጋሎችን ካባረሩ በኋላ የሠሩት ነው።

የስቶን ታውን ጉድለት ግልጽ ነው። አይዋኝባትም፤ ወደብ ስለሆነች ውኃው ንጹሕ አይደለም፣ ልጆቹ ሲዘሉ አይታችሁ አትከተሏቸው። መኪና በር ድረስ አይገባም፤ ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ በዚያ ድንጋይ ላይ መጎተት ያደክማል፣ ስለዚህ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል። ፓፓሲ የሚባሉት ደላሎች ይከተሏችኋል፤ «ሀፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብሎ ሳይቆሙ መራመድ በቂ ነው። ጉልበት የሚያማቸው አባት ወይም እናት ይዛችሁ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል አትያዙ፤ ደረጃዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሊፍት ያለው ቤት ደግሞ ጥቂት ነው።

ኑንግዊ

ጉዳያችሁ መዋኘት ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ኑንግዊ ሂዱ። በሰሜን ጫፍ የባሕሩ ወለል ቶሎ ስለሚጠልቅ ውኃው ሲሸሽም ሩቅ አይሄድም። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ይዋኛል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ቀናቸውን በባሕሩ ሰዓት ማስተካከል ስለማይጠበቅባቸው ይህ ለእነርሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ምዕራብ ስለሚያይም ፀሐይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ ይታያል። ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለው ኬንድዋ ዳርቻው ሰፋ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ጨረቃ አካባቢ የሌሊት ጭፈራ ስለሚኖር እንቅልፍ ለሚፈልግ ሰው ቀኑን ማየት ይገባል።

ኑንግዊ የጥንት የጀልባ ሠሪዎች መንደር ነው። ዳው የሚሉትን የእንጨት ጀልባ ዛሬም በባሕሩ ዳር በእጅ ይሠሩታል፤ ቀርቦ ማየት ይቻላል፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ወደ ምኔምባ ኮራል የሚሄዱ የጀልባ ጉዞዎችም ከዚሁ ይነሣሉ፤ መነጽር አድርጎ ዓሣና ኮራል ማየት ለሚወድ ሰው ቦታው የተመረጠ ነው።

ቅሬታዬን ግን አልደብቅም። ሆቴል ሆቴልን ተደግፎ የቆመበት ሰፈር ነው፤ ሳምንት ከርማችሁ ዛንዚባርን ሳታውቋት ልትመለሱ ትችላላችሁ። የመንደሩ ሰው የሚኖረው ከሆቴሎቹ አጥር ጀርባ ሲሆን ብዙ እንግዳ ያንን አጥር አያልፍም። ምግቡም ከከተማው ይወደዳል፤ አሸዋው ላይ ደግሞ የጉዞና የመነጽር ሻጭ ዕረፍት አይሰጥም።

ፓጄ እና ጃምቢያኒ

የምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው። ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቃል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙላትና በሽሽት መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን ልዩነቱ ከሌላው ጊዜ ይከፋል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት በኢንተርኔት የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ ተመልከቱ፤ ሙላቱ እኩለ ቀን አካባቢ ከሆነ ፓጄ ገነት ናት፣ ማለዳና ምሽት ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ታያላችሁ።

ሜዳው ግን ለማየት ለሚወድ ሰው ራሱ ትዕይንት ነው። መጀመሪያ ቀን ያየናቸው ሴቶች ምዋኒ የሚባል የባሕር ሣር ገበሬዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ እርሻ ነው፤ እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ ሣሩን ገመዱ ላይ ያስራሉ፤ ደርቆ ለውጭ ገበያ ይሄዳል፣ ለምግብና ለመዋቢያ ምርቶች ማወፈሪያ ይሆናል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ መጀመሪያ ያገኙት ከዚህ ሥራ ነው። በሽሽት ሰዓት ከመንደሩ ሰው ጋር እዚያ ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ጫማ አድርጉ፣ ምክንያቱም እንደ ጃርት እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ድንጋዩ መካከል ይኖራል፣ የረገጠው ሰው ለቀናት ያነክሳል።

ፓጄ የካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ካይት ባሕር ላይ በሰሌዳ የመንሸራተት፣ መንደርም ናት። ነፋሱ በሁለት ወቅቶች ይመጣል፦ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ኩሲ ከደቡብ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ካስካዚ ከሰሜን። ለወጣቶች፣ በጋራ መኝታ ቤት ለሚያድርና ገንዘቡን ለሚቆጥብ ሰው ፓጄ ትስማማለች። ጃምቢያኒ፣ ከፓጄ ቀጥሎ በደቡብ ያለችው፣ ጸጥ ያለች ረጅም መንደር ነች፤ ለጫጉላ ሽርሽር ቢጠይቁኝ ከኑንግዊ እርሷን እመርጣለሁ። ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ነው፣ ጠዋት አሸዋው ላይ ከእናንተ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ላይ የጆዛኒ ጫካ አለ፤ ሌላ ቦታ የማይገኘው ቀይ የኮሎበስ ጦጣ እዚያ ቅርብ ሆኖ ይታያል፣ ስትመላለሱ ግማሽ ቀን ስጡት።

መቼ ይኬዳል?

ለእኛ ጥሩው ዜና የእኛ ክረምት የእነርሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲወርድባት ዛንዚባር ፀሐይ አለ፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። መስከረምም እንዲሁ። የፋሲካን ዕረፍት ይዞ መሄድ ግን አልመክርም፤ ከማርች እስከ ሜይ ማሲካ የሚሉት ረጅሙ ዝናብ ነው፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ይዘጋሉ። ኖቬምበር ላይ አጭሩ ዝናብ ይመጣል፤ እሱ ቶሎ ያልፋል። ገና ሰሞን አየሩ ጥሩ ቢሆንም ሙቀቱም ዋጋውም ጣራ ይነካል። በረመዳን ከሄዳችሁ በቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይገባም፣ የከተማው ብዙ ምግብ ቤትም እስከ ምሽት ይዘጋል፤ በተቃራኒው የማታው ፎሮዳኒ በዚያን ወር ሌላ ድምቀት አለው።

ወረቀትና ሌሎች ጉዳዮች

ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥታችሁ አዲስ አበባ ዘመድ ስትጠይቁ ከርማችሁ የምትሻገሩም ካርዱን መያዝ አለባችሁ፤ ፓስፖርታችሁ የየትም ቢሆን የተነሣችሁበት ሀገር ነው የሚታየው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ በሙሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን ይገዛል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ሀገር የገዛችሁት መድን አይተካውም። ቪዛውን ከታንዛንያ ኢሚግሬሽን ይፋዊ ድረ ገጽ ብቻ ጠይቁ፤ የሚመስሉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። የፕላስቲክ ከረጢት ክልክል ስለሆነ ከሻንጣችሁ አውጡት። ስለ ወባ መከላከያ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከተማና መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል፤ የዋና ልብስ ለባሕር ዳር ብቻ ነው። ትራንስፖርት ላይ ዳላዳላ የሚባለው ሚኒባስ ርካሽ ነው፣ ሻንጣ ላለው ግን ይከብዳል፤ ለሦስትና ለአራት ሆኖ ታክሲ መኮናተር ይሻላል። መኪና ተከራይቶ መንዳት ለሚያስብ፣ የሚነዳው በግራ ነው፣ የዛንዚባር ጊዜያዊ ፈቃድም ያስፈልጋል።

ከሌላው ዓለም ጎብኚ ይልቅ እኛ የምንቀልልበት አንድ ነገር አለ፤ ሰዓቱ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ቀኑን እንደኛው ከጠዋት ይቆጥራል። «ሳ ምቢሊ» ሲሏችሁ በእኛ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰዓታችሁንም ማስተካከል የለባችሁም፣ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚዞሩ ከሾፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ሌሊቶቹን ለማከፋፈል

ሦስት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ስቶን ታውን ይደር፣ አይቀያይር። አንድ ቀን ቅመም እርሻ፣ አንድ ቀን በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴት ሄዶ ግዙፎቹን ኤሊዎች ማየት፣ ሲመለስም አሸዋማ ደለል ላይ መዋኘት ይችላል፤ የባሕር ረሃቡም በዚህ ይወጣለታል። አምስት ሌሊት ካላችሁ ሁለቱን ከተማ፣ ሦስቱን ባሕር ዳር፤ ልጆች ካሉ ኑንግዊ፣ ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ የሙላቱን ሰዓት አይታችሁ ጃምቢያኒ። ሦስቱንም በአምስት ሌሊት ለማዳረስ የሚሞክር ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። ሰባትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ሰሜንንም ምሥራቅንም ማየት የሚያዋጣው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ባሕሩን አስቀድሙ፣ ከተማውን ለመጨረሻ አድርጉት። አውሮፕላን ማረፊያው ከስቶን ታውን ቅርብ ስለሆነ የመመለሻው ቀን ጠዋት ሩጫ አይኖርም፤ ቅመሙንም ከዳራጃኒ የምትገዙት በዚያን ዕለት ነው፣ ቅርንፉዱ ትኩስ እንዲሆን።